ጎንበስ እንዳይል የተከለከለው ሾፌር

ደንቡ ሥራ ላይ በዋለበት ማክሰኞ ጠዋት እትዬ ሃሎ እንደ ወትሮዋ ዊልቸሯ ላይ ሆና በሕንጻችን በር ትጠብቅ ነበር። ፀጉሯን አስይዛለች፣ ያቺን ሰማያዊ ሹራቧን ደርባለች፣ ሾርባ የሞላውን ባለ ክዳን ዕቃ ጭኗ ላይ አቅፋለች። ማክሰኞና ዓርብ ከከተማው ማዶ ባለው መጦሪያ የተኛውን ባሏን ልታበላ ትሄዳለች። ስትሮክ ግማሽ ጎኑን ከወሰደበት ወዲህ ሰውዬው ከሌላ ሰው እጅ እሺ ብሎ አይበላም። በሌሎቹ ቀናት ነርሶቹ ለምነው፣ አባብለው፣ ተቆጥተው ጥቂት ማንኪያ ያስገቡለታል፤ አቅም ሰጥቶ ያቆመው ግን የማክሰኞና የዓርቡ ምግብ ነው። ይህን ነርሶቹ ያውቃሉ፣ እሷ ታውቃለች፣ እኛ ጎረቤቶቿም እናውቃለን። የማያውቁት ደንቡን የጻፉት ብቻ ናቸው። አልጠየቁማ።

ታክሲው በሰዓቱ ደረሰ። ሾፌሩን የታክሲ መቆሚያው ጓደኞቹ «ጎንበስ» ነው የሚሉት። ስሙን ያወጡለት ለሽሙጥ ነው፤ ላገኘው አሮጊትና ሽማግሌ ሁሉ ሲጎነበስ ይውላል ብለው። ሁልጊዜ በሩን ከፍቶ፣ የፊቱን ወንበር ወደ ኋላ ገፍቶ፣ እትዬ ሃሎ አጠገብ ዝቅ ይላል። የዚያን ዕለት ግን ከመኪናው ወረደና እጆቹን ኪሱ ከቶ ቆመ።

«ምነው፣ ወገብህን ብርድ መታው?» አለችው።

«እትዬ፣ ዛሬ አልችልም።»

«ዓርብ ደህና አልነበርክ?»

«ዓርብ ደንቡ አልጀመረም ነበር።» አንገቱን ደፋ። «ሾፌር ተሳፋሪን በእጁ ማንሳት፣ መሸከም፣ ደግፎ ማስገባት ክልክል ነው ይላል። ከዛሬ ጀምሮ እናንተን የሚጭነው ዊልቸር የሚወጣበት ራምፕ ያለው መኪና ብቻ ነው። ማለዳ መቆሚያው ላይ አንብበውልናል። የተያዘ ሰው ታርጋው ይፈታል።»

እትዬ ሃሎ የሾርባውን ዕቃ ክዳን ጠበቅ አደረገች። ከዚያ፣ «ያ የኔ ደንብ ነው እንዴ?» አለችው።

«አዎ እትዬ። የእርስዎ ነው።»

ሊያቆስላት ብሎ አይደለም። እውነቱን ነው። ይህን ለመረዳት ግን የሴትዮዋን ኑሮ ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል።

እትዬ ሃሎ የሥራ ዘመኗን የጨረሰችው በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የስልክ ማዞሪያ ክፍል ውስጥ ነው። ቅጽል ስሟንም ያገኘችው ከዚያ ነው። መስኮት የሌላት ጠባብ ክፍል፣ ጆሮዋ ላይ የተደፋ ማዳመጫ፣ ፊቷ ላይ ብልጭ ድርግም የሚሉ መብራቶች። ሰው አልቅሶ ይደውላል፣ ተሳድቦ ይደውላል፣ «እናቴ ተረፈች ወይስ ሞተች?» ብሎ ይደውላል። መልሷ አንድ ነው፦ «አገናኛለሁ።» ጨካኝ ስለሆነች አይደለም። የዚያ ሥራ ዋና ትምህርት የተጠየቁትን ብቻ መልሶ መስመሩን መልቀቅ ነው፤ ከኋላ ሌላ ሰው እየጠበቀ ነው። እንዲህ ስትል ስትል ልማዱ ቤቷ ድረስ ተከትሏት ገባ። ባሏ አናጢ ነበር፤ ወሬ የሚወድ፣ ምስማር በከንፈሩ ይዞ እንኳ የሚያወራ። «ከዚህች ሴት ጋር ማውራት ቴሌግራም መላክ ነው» እያለ ይስቅባት ነበር። «እራት ደርሷል?» ይላታል። «አዎ።» «ምንድን ነው?» «ምግብ።»

አከርካሪዋ ላይ ዕጢ ወጥቶባት በኦፕራሲዮን ሲነሳ እግሮቿን ይዞባት ሄደ። የሕንጻው ባለቤት በር ላይ ላለችው ደረጃ መወጣጫ ለማሠራት ሲያንገራግር፣ አናጢው በገዛ እንጨቱ ሠርቶ ገጠመላት። እስከ ዛሬ በዚህ ሰፈር ያለችው መወጣጫ ያቺ ብቻ ናት፤ የሠራት ሰው ግን ራሱ አልጋ ላይ ቀረ። ከባድ ሰው ነው፤ ዊልቸር ላይ ያለች ሴት አልጋ ላይ ልታገላብጠው አትችልም። መጦሪያ የገባው ተጠልቶ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ የታክሲ ነገር መጣ። ሾፌሮች ከሩቅ ዊልቸሩን ሲያዩ ፍጥነት ይጨምራሉ። አንዳንዱ ጣሪያው ላይ ያለውን መብራት አጥፍቶ ሰው የያዘ ያስመስላል፤ ባዶ ወንበሩን እያየነው። አንዱ ደግሞ ቆመላት። ባይቆም ይሻል ነበር። ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሃል ይዞ እያወራ፣ ብብቷ ሥር ገብቶ ጎተታትና የኋላ ወንበር ላይ ወረወራት። ቀሚሷ ጭኗ ድረስ ተገለበ፣ አንድ ጫማዋ አስፋልት ላይ ቀረ፣ መንገደኛው ቆሞ አየ። «ጆንያ እንኳ ሲጫን አፉ ይታሰርለታል» አለች የዚያን ቀን። ከእሷ አፍ ከወጣ ረጅሙ ንግግር ይሄ ሳይሆን አይቀርም።

ጎንበስ ከዚህ ሁሉ የተለየው በአንድ ነገር ነው። አያነሳትም። ዝቅ ይልና አንገቱን ይሰጣታል። «እርስዎ ይያዙኝ» ይላል። ሁለት እጆቿን አንገቱ ላይ ትቆልፋለች፣ ትንፋሿን ትሰበስባለች፣ ስትዘጋጅ «ሃሎ» ትለዋለች። ያኔ ቀስ ብሎ ቀና ይላል። እጁ ጀርባዋ ላይ የሚያርፈው እንዳትወድቅ ብቻ ነው። እሷ «ሃሎ» ካላለች ግማሽ ቀን ቢሆንም እንደተጎነበሰ ይቆያል። የምትነሳው እሷ ናት፤ እሱ የምትይዘው ምሰሶ ነው። በዚህና በጆንያው መሃል ያለውን ልዩነት ለማየት የሚያስፈልገው ዓይን ብቻ ነው። ምክር ቤቱ ውስጥ ግን ደንቡ በተመከረበት ቀን ዓይን ያለው ሰው አልመጣም ነበር።

ምክር ቤቱ «የአረጋውያንና የአካል ጉዳተኞች የታክሲ አገልግሎት ደንብ» በሚል ረቂቅ ላይ የሕዝብ አስተያየት እሰማለሁ ብሎ ሲጠራ፣ እትዬ ሃሎ ቀድማ ተመዘገበች። እኛም ተከትለናት ሄድን። አዳራሹ ፎቅ ላይ ነው፣ አሳንሰሩ ተበላሽቷል። ስለ ዊልቸር ለመነጋገር ዊልቸር የማይገባበት ፎቅ መምረጥ የነሱ ብልሃት ነው። ጎንበስ አንገቱን ሰጣት። ደረጃውን ሁሉ ተሸክሟት ወጣ፣ እኛ ዊልቸሩን ይዘን ከኋላ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ፣ እያለከለከ ወደ አዳራሹ ሲገባ ኮሚቴው በሙሉ ቀና ብሎ አየው። ሰብሳቢው መነጽሩን አውልቆ ራሱን ነቀነቀ። ደግ ሰው ይመስላል። ደግነቱ ነው ያስፈራኝ።

«ሾፌሮች በእጃቸው ያነሱዎታል?» ብሎ ጠየቃት።

«አዎ።»

«እንዴት አድርገው?»

«እንደ ጆንያ።»

«ክብርዎን ይነካል?»

«አዎ።»

«ጉዳትስ ደርሶብዎታል?»

«አዎ።»

«በጣም እናመሰግናለን፣ እናታችን።»

«እኔም አመሰግናለሁ» አለችና መስመሩን ለቀቀች።

ግድግዳው ሥር ላቡን እየጠረገ የቆመውን ሰውዬ ሰብሳቢው እንደ ሌባ አየው። «ይህስ ሰው?» ብሎ የጠየቃት የለም። ካልተጠየቀች ደግሞ እትዬ ሃሎ አትናገርም። ያን ሁሉ ዘመን ዝም በይ የተባለ አፍ በአንድ ጠዋት አይፈታም።

ስንወርድ ጎንበስ አንገቱ ላይ ተሸክሟት እየሳቀ፣ «እትዬ፣ እኔንም አብረው ከሰሱኝ እኮ» አላት።

«አንተን ማን ጠቀሰህ?»

«እሱ ነው እኮ ችግሩ» አለ።

ያን ቀን ሁላችንም ሳቅን።

ደንቡ ጸደቀ፣ ተጨበጨበ። ሐሳቡ ክፉ ነው አልልም። ሰው እንደ ዕቃ አይወርወር፣ መኪናው ራምፕ ይኑረው ማለት ትክክል ነው፤ ይህን የሚቃወም ሰው ቢመጣ ከእኔ ጋር ነው የሚጣላው። ግን አንብቡት። የሚከለክለው አንቀጽ ወዲያው ይጀምራል፤ መኪናዎቹን የሚያመጣው አንቀጽ «በሂደት» ይላል። በከተማው ራምፕ ያላቸው መኪናዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ዕቃ ጎድሎት ምክር ቤቱ ጋራዥ ውስጥ ሸራ ለብሶ ቆሟል። ሌላኛውን ለማግኘት ተመዝግቦ ወረፋ መጠበቅ ነው። ድሮ ከእትዬ ሃሎ ይሸሹ የነበሩት ሾፌሮች አሁን አይሸሹም። ይቆማሉ። መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ «እናቴ፣ ብወስድዎት ደስ ባለኝ፣ ሕጉ ነው እንጂ» ይሏታል። ፈገግታቸውን ብታዩ። ስንፍናቸው ማኅተም ተመታለት።

ያን ማክሰኞ እትዬ ሃሎ ሾርባውን ይዛ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ባለ ራምፑን መኪና ለማስመዝገብ ወደ ተመደበው ቁጥር ደወለች። ሙዚቃ አሰሟት። ሙዚቃው ይቆምና «ጥሪዎ ለእኛ ክቡር ነው» ይላል፣ እንደገና ይጀምራል። ያን ሁሉ ሰው ስታገናኝ የኖረች ሴት መስመር ላይ ተንጠልጥላ ቀረች። በመጨረሻ አንዲት ልጅ አነሳች።

«መቼ ነው የሚፈልጉት እናቴ?»

«ዓርብ።»

«ይህ ዓርብ ሞልቷል። የሚቀጥለውም። ከወር በኋላ ያለውን ልያዝልዎት?»

«ባሌ አይበላም።»

«ለሕክምና ቀጠሮ ነው ወይስ ለቤተሰብ ጥየቃ?»

«ላበላው ነው።»

«እንደዚያ የሚል ምርጫ የለኝም። ጥየቃ ልበለው?»

«በይው» አለችና እትዬ ሃሎ ስልኩን ዘጋች። አልተቆጣችም። «ልጅቷ ምን ታድርግ፣ ከኋላ የሚጠብቅ አለ» አለችን። ተቆጥተን የነበርነው እኛ ነን።

ያ ዓርብ አለፈ። የሚቀጥለው ማክሰኞም። ረቡዕ ከሰዓት መጦሪያው ውስጥ የባሏን ክፍል የምትይዘው ነርስ ደወለች፤ ስልኩ ድምጽ ማጉያ ላይ ስለነበር እኔም ሰማሁ።

«እማማ፣ አፋቸውን ገጥመዋል። ውሃ እንኳ በመከራ ነው። ዓርብ ጠዋት ሐኪሙ በአፍንጫቸው ቱቦ ሊያስገባ ነው።»

«ከገባ በኋላስ?»

«ቱቦውን ይነቅሉታል ብለን ስለምንፈራ... ደህናዋን እጃቸውን ከአልጋው ጋር ማሰር ይኖርብናል።»

የአናጢ እጅ። የቀረችውን አንዲት እጅ።

«ብመጣና ቢበላስ?»

«ከበሉማ ምን ቱቦ ያስፈልጋል? ብቻ ከሐኪሙ በፊት ይድረሱ።»

እትዬ ሃሎ ለጎንበስ አልደወለችም። «ልጆች አሉት፤ ታርጋው እንጀራው ነው» አለች። የደወልኩለት እኔ ነኝ። እንዲህ ተስማማን፦ ደንቡ የሚከለክለው ሾፌሩን ነው፤ ጎረቤትን አይከለክልም። እኛ እንጭናታለን፣ እሱ ይነዳል፣ እዚያ ደግሞ የመጦሪያው ሰዎች ያወርዷታል። ብልጦች የሆንን መሰለን።

ዓርብ ጠዋት ሥጋ ሻጩና የሕንጻው ዘበኛ ሊያነሷት መጡ። አንዱ ከብብቷ፣ አንዱ ከጉልበቷ።

«አይዞሽ እትዬ፣ ከዚህ የከበደ ተሸክሜ አውቃለሁ» አላት ሥጋ ሻጩ።

«ያ ግን አይሰማውም» አለችው።

ደግ ሰዎች ናቸው፤ ግን አንዱ ሲያነሳ ሌላው አላነሳም፣ ዳሌዋ የመኪናውን በር መታው፣ ቀሚሷ እንደዚያ እንደ ፊተኛው ቀን ተገለበ። ዓይኗን ጨፍና ታገሰች። ጎንበስ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ወደ ፊት ያያል፤ ጥርሱን ሲያፋጭ መንጋጋው ይንቀሳቀሳል። ዘበኛውና ሥጋ ሻጩ ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ እኔ ዊልቸሩን ከኋላ ጭኜ አብሬ ሄድኩ።

መጦሪያው በር ላይ ስንደርስ ተቆጣጣሪ ቆሟል። የት ይቁም ታዲያ? አቅመ ደካማ የሚወርደው እዚያ ነው። ማታለልና ዘረፋ ያለበት ስንት ጎዳና እያለ ደንብ አስከባሪው የተመደበው ሽማግሌ የሚደገፍበት በር ላይ ነው።

ዊልቸሩን አውርጄ ዘረጋሁት። የበሩን ጠባቂ፣ «ወንድሜ፣ እጅህን አበድረን» አልኩት።

«እኔ የበር ነኝ» አለኝ። «ከበሩ ውጪ ሰው አትንኩ ተብለናል። ወድቃ ብትሰበር ማን ይጠየቃል?»

ብቻዬን ልሞክር ብዬ ገባሁ። ወገቤ ካረጀ ቆይቷል፤ ግማሽ መንገድ አንስቻት መልሼ ወንበሩ ላይ ጣልኳት። «ተው፣ ሁለታችንንም ትቀብረናለህ» አለችኝ። ከዚያ ወደ ውስጥ፣ ወደ መጦሪያው መስኮቶች አየች። የሐኪሙ መኪና ግቢው ውስጥ ቆሟል።

ጎንበስ በሩን ከፍቶ ወረደ። ዞሮ መጣ። ተቆጣጣሪውን በሙሉ ዓይኑ አየው። ከዚያ ሁለት እጆቹን ወደ ኋላ አዙሮ ወገቡ ላይ አጣመረና፣ እንደተጣመረ፣ ጎንበስ አለላት።

«ተው» አለችው።

«እርስዎ ይያዙኝ።»

«ልጆችህስ?»

«እትዬ፣ አንገቴ እየደነዘዘ ነው።»

እጆቿን ቆለፈች። «ሃሎ» አለች፣ ቀስ ብላ። ቀና አለ። ጀርባዋን የሚደግፍ እጅ የለም፤ ክብደቷ በሙሉ አንገቱ ላይ ነው። ፊቱ ጠቆረ፣ አንድ ጉልበቱ ከዳው፣ ሁለቱም ወደ ጎን ዘመሙ። ዊልቸሩን ገፍቼ ከሥሯ አስገባሁት። ተቀመጠች። እሱ እጆቹን ከወገቡ ሳይፈታ እዚያው እንደተጎነበሰ ጥቂት ቆየ፤ አንገቱ አልቃና ብሎት።

ተቆጣጣሪው መጣ። ገና ጎልማሳ ነው፣ ዩኒፎርሙ አዲስ ነው።

«ምን አደረግክ?» አለው።

«እጄ የት እንደነበር አይተሃል።»

«አይቻለሁ። ግን ደንቡ 'መሸከም' ይላል። በእጅ ብቻ አይልም።»

«ያዘችኝ እንጂ አልያዝኳትም።»

«ወንድሜ፣ እኔ አልጻፍኩትም» አለው ተቆጣጣሪው፤ ከኪሱ መፍቻ አወጣ። ይህን ቃል ስንቴ እንደሰማሁት። ያልጻፈው ያስፈጽማል፣ የጻፈው አያይም፣ ያየው አይጠየቅም። ልጮህበት አፌን ስከፍት እትዬ ሃሎ እጄን ያዘችኝ። «ግፋኝ» አለች። «ሐኪሙ።»

ገፋኋት።

አናጢው ከስቷል። ሰፊ ትከሻው አንሶላው ሥር ጠፍቷል። ራስጌው ባለው ጠረጴዛ ላይ ቱቦው በላስቲኩ እንደታሸገ ተቀምጧል፣ አጠገቡ እጅ ማሰሪያው ጨርቅ። ሐኪሙ ጓንት እያጠለቀ ነበር። ነርሷ እትዬ ሃሎን ስታይ፣ «ዶክተር፣ እባክዎ ትንሽ ይታገሱ» አለች።

እትዬ ሃሎ ክዳኑን ከፈተች። ማንኪያውን አስጠጋችለት። አፉ እንደተገጠመ ነው። ዓይኑ ግን ዞረ፤ መጀመሪያ ማንኪያውን፣ ከዚያ እሷን አየ። ቂም ነበረበት። ሁለት ማክሰኞና አንድ ዓርብ፤ የቀረችባቸውን ቀናት እሱ ያውቃቸዋል። ከንፈሩ በአንድ ጎኑ ተንቀሳቀሰ።

«ም... ምን... ነው?» አለ።

«ምግብ» አለችው።

የፊቱ ደህናው ግማሽ ሳቀ። አፉ ተከፈተ።

ሾርባውን በሙሉ በላ። ሐኪሙ ጓንቱን አውልቆ ቆሞ አየ። ቱቦውን አንስቶ የጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ከተተው፤ መሳቢያውን ግን አልቆለፈውም።

«እንዲህ ከቀጠሉ አንነካቸውም» አላት። «ማክሰኞ ይመጣሉ?»

ተጠየቀች። የተጠየቀችውን ሳትመልስ የዋለችበት ቀን የለም። ያን ዕለት ግን ማንኪያውን እየጠረገች ቀረች።

ስንወጣ ጎንበስ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አንገቱን ያሻል። ታርጋው የነበረበት ቦታ ሁለት ባዶ ቀዳዳ ሆኗል። ተቆጣጣሪው ወደ ቦታው ተመልሶ ሌላ ታክሲ እየጠበቀ ነው።

«በሉ?» አለ ጎንበስ።

«በላ።»

«እንኳን።» ከዚያ፣ «ታርጋ የሌለው መኪና መንዳት አልችልም፤ እንዴት ነው ወደ ቤት የምትመለሱት?» አለ። ለእሷ ነው የተጨነቀው።

እትዬ ሃሎ ስልኳን ከሹራቧ ኪስ አወጣች። የምክር ቤቱን ማዞሪያ ቁጥር በቃሏ ታውቀዋለች። ሙዚቃውን ታገሰች። አንድ ሰው አነሳ፤ የምን ጉዳይ እንደሆነ ጠየቃት።

«ሰብሳቢውን» አለች። «ያን ቀን ጆንያ ያለችው ሴት ናት በላቸው።»

ስብሰባ ላይ ናቸው አላት መሰለኝ።

«እጠብቃለሁ። አንድ ሰው ጎንበስ ይባላል፤ ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ነበር፤ ስለ እሱ አልተናገርኩም። ሳትጠይቁኝ ልነግራችሁ ነው።»

በዚያኛው በኩል ያለው ሰው የሚለውን አልሰማሁም። ምናልባት መልእክት ይተዉ ብሏት ይሆናል፣ ምናልባት ከኋላ የሚጠብቅ አለ ብሏት ይሆናል። ፀሐይዋ ጠንክራለች፤ ጎንበስ ተነስቶ ጥላው እሷ ላይ እንዲያርፍ ቆመላት። እሷ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ ልክ አንገቱን ስትይዝ እንደምትይዘው፣

«አይ ልጄ» አለች። «አልጨረስኩም። መስመሩን እንዳትዘጋው።»